ኃጢአት የቸገረው ጌርሾም

(ማሳቹሴትስ፣ ሳንድብሩክ የምትባል መንደር፤ ዘመኑ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ፤ ረቡዕ፣ ቀትር አለፍ ብሎ። በርሜል ሠሪው ኤልናታን ከቤቱ ጎን ባለችው የሥራ ክፍሉ በርሜል ያስራል። እሱን ከጠየቃችሁት በዚህ መንደር ሁለት አዋቂ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ፓስተሩ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ፊት ለፊቱ ጎረቤቱ ጌርሾም ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆየ። ስለ ዝይ ነው።)

ኤልናታን፦ ዝይ መምታት ኃጢአት አይደለም አልኩህ እኮ!

ጌርሾም፦ በሰንበት ነው የመታኋት፣ ወንድም ኤልናታን።

ኤልናታን፦ በምን መታሃት?

ጌርሾም፦ በባርኔጣዬ።

ኤልናታን፦ በባርኔጣ! ሞተች?

ጌርሾም፦ ኧረ አልሞተችም፤ ቅር አላት እንጂ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኋት።

ኤልናታን፦ ማንን? ዝይዋን?

ጌርሾም፦ እሷን ነዋ የመታሁት።

ኤልናታን፦ (መዶሻውን አስቀምጦ) እና ባለፈው ሐሙስ፣ አባል ልሁን ብለህ፣ ምእመን ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመህ የመሰከርከው ይሄንን ነው?

ጌርሾም፦ "ኃጢአትህን ተናገር" አሉኝ፤ ተናገርኩ። ያለኝ እሱ ነው።

ኤልናታን፦ ፓስተሩ ምን አሉ?

ጌርሾም፦ አዩኝ። አዩኝ፣ አዩኝና "ሌላስ?" አሉኝ። "ሌላ ዝይ የለኝም" አልኳቸው።

ኤልናታን፦ (ራሱን ይዞ) ወይ ጣጣ! ሰው እንዴት ጎረቤቱን ሳያማክር ኃጢአቱን ይናገራል?

ጌርሾም፦ መለሱኝ። "ኃጢአቱን ያላወቀ ጸጋን አላወቀም፤ ሂድና ራስህን መርምር" አሉኝ። ለነገ ቀጠሩኝ። ነገ ካልተቀበሉኝ እስከ መጋቢት ሌላ ቀጠሮ የለም። ልጄ ደግሞ... (ድምፁ ሰለል አለ) ወንድም ኤልናታን፣ ልጄ ሦስት ሳምንቷ ነው። አባቷ አባል ካልሆነ አትጠመቅም። ብርዱ ደግሞ መጣ። አምና በረዶው ሲገባ ስንት ሕፃን እንደቀበርን እርስዎም ያውቃሉ።

ኤልናታን፦ (እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አውቃለሁ። የአንዱን ሣጥን እኔ ነኝ የሠራሁት።

ጌርሾም፦ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን እኔ በእግሬ አልቆምም። ሚስቴ ዝምታም ታብዳለች። አሁን ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ "ኃጢአት ፈልግ፣ ኃጢአት ፈልግ" እያለች ናት።

ኤልናታን፦ ያቺን ልጅ "ዝምታ" ብለው የሰየሟት አባቷ ነቢይ አልነበሩም። በል አትጨነቅ። እኔ እያለሁ አንተ ኃጢአት አትቸገርም። አሥራ አንድ ሰው አሠልጥኜ አስገብቻለሁ፤ አንድም የተመለሰ የለም። ነገ ደግሞ ካንተ ምስክርነት ቀጥሎ የዲያቆን ምርጫ አለ።

ጌርሾም፦ ሰምቻለሁ።

ኤልናታን፦ ከገባህ እጅ የማንሣት መብት አለህ። ያቺን እጅህን ለማን እንደምታነሣት እኔ አልነግርህም።

ጌርሾም፦ ለማን ነው የማነሣት?

ኤልናታን፦ አልነግርህም አልኩህ እኮ።

ጌርሾም፦ ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ?

ኤልናታን፦ ለኔ ነው፣ አንተ ሰው! ለኔ!

ጌርሾም፦ እሺ። እንዲህ ይበሉኛ። አነሣለሁ።

ኤልናታን፦ ተግባባን።

ጌርሾም፦ እንግዲያው ለነዚያ ለአሥራ አንዱ የሰጧቸውን ለኔም ይስጡኝ።

ኤልናታን፦ ፖሙን? አይሆንም። ፖሙ አልቋል።

ጌርሾም፦ የምን ፖም?

ኤልናታን፦ (በትዝታ) "ልጅ ሳለሁ አጥር ዘልዬ ከጎረቤት ግቢ ፖም ሰረቅሁ። የገሃነም እሳት ከአልጋዬ ሥር ሲንተከተክ ተሰማኝ።" አቤት! ድንጋይ የምታስለቅስ ምስክርነት ነበረች። መጀመሪያ ለአናጢው ሰጠኋት። ቀጥሎ ለባለ ወፍጮው። ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች ባንድ ቀን ወሰዷት። ባለፈው መጋቢት ግን መበለቷ እያለቀሰች ፖሙ ጋ ስትደርስ፣ ፓስተሩ አቋረጧትና "እኅቴ፣ ያ ዛፍ እስካሁን ፍሬ አለው?" አሏት።

ጌርሾም፦ ምን አለቻቸው?

ኤልናታን፦ "ወንድም ኤልናታንን ይጠይቁ" አለች። ገባህ? ስለዚህ አዲስ እንፈልጋለን። በተራ በተራ እንሂድ። ሰርቀህ ታውቃለህ?

ጌርሾም፦ (እያሰበ) አንድ ጊዜ የመንደሩ ጦር አዛዥ የካፒቴኑ ዶሮ እኛ ግቢ እንቁላል ጥላ አገኘሁ።

ኤልናታን፦ በላኸው!

ጌርሾም፦ መለስኩላቸው። በማግሥቱም ጣለች፤ እሱንም መለስኩ። በሦስተኛው ቀን እኔ ከምመላለስ ብዬ ዶሮዋን ይዤላቸው ሄድኩ።

ኤልናታን፦ ሌብነት ቀረ። ምቀኝነት። የካፒቴኑን አዲስ በሬዎች ስታይ ልብህ ምን አለ?

ጌርሾም፦ ደስ አለው።

ኤልናታን፦ "ምነው የኔ በሆኑ" አላለም?

ጌርሾም፦ በምን ላበላቸው?

ኤልናታን፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ሰንበት መሻርስ? ቅዳሜ የጠነሰስከው ቢራ እሑድ ሲፈላ፣ በሰንበት ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ጌርሾም፦ ፈልቷል። ግን እኔ አላዘዝኩትም።

ኤልናታን፦ የገና ዕለትስ? ተደብቀህ በዓል አክብረሃል? እውነቱን ተናገር፤ ገና ማክበር እዚህ ክልክል ስለሆነ ጥሩ ኃጢአት ነው፤ በሕግም ያስቀጣል።

ጌርሾም፦ እንጨት ስፈልጥ ዋልኩ። ማታ ዱባ በላን።

ኤልናታን፦ ዱባ! ለገና ተብሎ የተሠራ?

ጌርሾም፦ ከገና በፊት ሁለት ወር ሙሉ የበላነው ዱባ ነው።

ኤልናታን፦ ስብከት ላይ መተኛትስ? የጸሎት ቤቱ ተቆጣጣሪ በዚያ በረጅሙ ዱላ ጭንቅላትህን ሲኮረኩምህ ባይኔ አይቻለሁ!

ጌርሾም፦ (ፊቱ በርቶ) እሱ እውነት ነው! ተኝቻለሁ!

ኤልናታን፦ እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን! ተኝተህስ ምን አለምክ? ክፉ ሕልም ነው አይደል?

ጌርሾም፦ ስብከቱን።

ኤልናታን፦ ስብከቱን?

ጌርሾም፦ ከቆመበት ቀጠለልኝ። እንደውም በሕልሜ ፓስተሩ ቶሎ ጨረሱ።

(ኤልናታን ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ሸፈነው። በዚህ መንደር ስለ ስብከት ርዝመት የሚስቅ ሰው ዲያቆን አይሆንም።)

ኤልናታን፦ ይሄንን ነገ እንዳታነሣ። እሺ፣ ትልቁ ጋ እንምጣ። ሴት ተመኝተህ ታውቃለህ?

ጌርሾም፦ (አንገቱን ደፍቶ) አዎ።

ኤልናታን፦ (በርጩማውን እያስጠጋ) በርታ፣ አትፈር! ስንት ጊዜ?

ጌርሾም፦ ሁልጊዜ።

ኤልናታን፦ ሁልጊዜ! ይሄን የመሰለ ሀብት ይዘህ ነው በዝይ የምታደክመኝ? ማንን ነው?

ጌርሾም፦ እርስዎም ያውቋታል።

ኤልናታን፦ (ተነሥቶ በሩን ዘጋው) ያገባች ናት?

ጌርሾም፦ አዎ፣ አግብታለች።

ኤልናታን፦ ወይ ጉድ! ባሏስ? ባሏ ያውቃል?

ጌርሾም፦ ያውቃል እንጂ።

ኤልናታን፦ አውቆ ዝም አለ? ማን ናት? ንገረኝ፣ ከኔ አይወጣም!

ጌርሾም፦ ዝምታ።

ኤልናታን፦ ሚስትህ?

ጌርሾም፦ ከምድጃው ዳቦ ስታወጣ፣ ጉንጯ ቀላ ሲል...

ኤልናታን፦ የገዛ ሚስትን መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ ግዴታ ነው! (በበርሜሉ ላይ ቁጣውን ተወጣ፤ ሦስት ጊዜ መታው) ሰይጣንስ? እሱስ አንድ ቀን እንኳ አልመጣብህም?

ጌርሾም፦ እሱስ አንድ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ኤልናታን፦ እና እስካሁን ምን ያስቀምጥሃል? ተናገር!

ጌርሾም፦ ጫካ ውስጥ እንጨት ስቆርጥ መጣ። ረጅም፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። "ና ወዲህ!" አለኝ። ሮጥኩ። እሱም ከኋላዬ ሮጠ።

ኤልናታን፦ (ትንፋሹን ውጦ) ከዚያስ?

ጌርሾም፦ ደረሰብኝ። ትከሻዬን ጨመደደኝ። "ወንድሜ፣ ጸሎት ቤቱ በየት በኩል ነው? ጠዋት ወጥቼ ጠፍቶብኝ ነው" አለኝ።

ኤልናታን፦ ፓስተሩ!

ጌርሾም፦ ወደኛ የመጡ ዕለት ነበር። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ሯጩ" ይሉኛል።

(ኤልናታን ጌርሾምን ከእግር እስከ ራሱ አየው። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ዕቃ አጋጥሞት አያውቅም። በርሜል ቢሆን ጠብታ አያፈስም ነበር።)

ኤልናታን፦ ስማ። "ኃጢአት የለኝም የሚል ሰው ኃጢአቱ ኩራት ነው" ይላሉ ሽማግሌዎቹ። በቃ፣ ኩራትን እንውሰድ። ተነሥ። "እኔ ኩሩ ነኝ" በል።

ጌርሾም፦ (ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ) ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ኩሩ ነኝ።

ኤልናታን፦ "ይቅርታ ያድርጉልኝና" ምን አመጣው? ደረትህን ንፋ!

ጌርሾም፦ (ተመልሶ እየተቀመጠ) ሲነፋ ያስለኛል።

ኤልናታን፦ የምትኮራበትን ነገር አስብ። መቼም ሰው ሆኖ የሚኮራበት አያጣም። እኔ ለምሳሌ...

ጌርሾም፦ እርስዎ በምን ይኮራሉ?

ኤልናታን፦ በትሕትናዬ። (ወዲያው ነቃ ብሎ) ስለኔ አይደለም የምናወራው!

ጌርሾም፦ ለምን ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልገላገልም?

ኤልናታን፦ ውሸት ነዋ! ጸሎት ቤት ቆመህ? ውሸት ደግሞ ከባድ ኃጢአት ነው።

ጌርሾም፦ እንግዲያው "ኃጢአተኛ ነኝ" ብዬ ብዋሽ፣ በመዋሸቴ ኃጢአተኛ ሆንኩ ማለት ነው።

ኤልናታን፦ ሆንክ።

ጌርሾም፦ ከሆንኩ ደግሞ "ኃጢአተኛ ነኝ" ማለቴ ውሸት አይደለም።

ኤልናታን፦ አይደለ... ቆይ።

ጌርሾም፦ ካልዋሸሁ ደግሞ ኃጢአት አልሠራሁም።

ኤልናታን፦ ቆይ አልኩህ!

ጌርሾም፦ ካልሠራሁ ደግሞ "ኃጢአተኛ ነኝ" ማለቴ ውሸት...

ኤልናታን፦ ዝም በል! ዝም! (ግንባሩን በሽርጡ ጠረገ) ይሄንን ነገር የቦስተን ሊቃውንት ፊት እንዳታወራው፤ ሃይማኖት ለሁለት ይከፈላል።

(ለአንድ አፍታ ኤልናታን ይህ ሰው ጅል ይሁን ሊቅ ተምታታበት። ጅል ነው ብሎ ወሰነ። ይህኛው ለሁለቱም ይቀላል።)

ኤልናታን፦ ችግርህ ምን መሰለህ? ጥሩ ኃጢአት አይተህ አታውቅም። ሳያዩ አይለመድም። አንድ ልንገርህና አነጋገሩን ተማርበት። አንድ ሰው ነበረ።

ጌርሾም፦ ማን?

ኤልናታን፦ አታውቀውም። ሌላ መንደር ነው፤ ከወንዙ ማዶ።

ጌርሾም፦ ከወንዙ ማዶ መንደር የለም እኮ።

ኤልናታን፦ ከሌላ ወንዝ ማዶ! ይሄ ሰው ጎረቤት አለው፤ የዋህ፣ ፊቱ ያለውን ካልነገሩት የማያይ። ድንበራቸው ከአንድ ትልቅ ዛፍ እስከ አንዲት ድንጋይ ነው። ሰውየው ጠዋት ሲነሣ ድንጋይዋን ያያታል። ማታ ሲገባ ያያታል። "አሥር እርምጃ ወደዚያ ብትሄድ ማን ይሞታል?" ትለዋለች ልቡ። ኃጢአት እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ በር ላይ ቆማ ውኃ አጠጡኝ ትላለች፤ ቆይታ አልጋው ላይ ታገኛታለህ።

ጌርሾም፦ ደስ ይላል።

ኤልናታን፦ አይልም! ያስፈራል!

ጌርሾም፦ አነጋገርዎን ነው ያልኩት።

ኤልናታን፦ (ሳይወድ ፈገግ አለ) እሱስ አልፎ አልፎ ይሉኛል። ታዲያ በሰው ፊት ድንጋይ አይገፋ! ታገሠ። ዘር ሊዘራ ሲል ዝናብ ጠፋ፤ የጾም ቀን ታወጀ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ጸሎት ቤት ገብቶ ከንጋት እስከ ማታ ሊጸልይ ነው፤ ውኃ እንኳ ሳይቀመስ።

ጌርሾም፦ ልክ እንደኛ ያን ዓመት።

ኤልናታን፦ እ? አዎ፣ ድርቁ ሁሉም ጋ ነበር። ሰውየው "ሆዴን፣ ሆዴን" ብሎ አልጋው ላይ ቀረ።

ጌርሾም፦ ምስኪን። ታሞ?

ኤልናታን፦ ምን ታሞ! መንደሩ ጭር ሲል ብድግ አለ! (እሱም ብድግ አለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ) ውሻ እንኳ አይጮህም። መዝሙሩ ከሩቅ ይሰማል። ረጅም ዘንግ ከሥሯ አስገባና ገፋ። እምቢ! ደገመ። እምቢ! ወገቡ ቀጭ አለ። በሦስተኛው ግልብጥ! ከዚያ ምን ያቆማታል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ አራት እርምጃ!

ጌርሾም፦ አሥር ነበር ያሉት።

ኤልናታን፦ አንዴ ከተጀመረ ማን ይቆጥራል? ሲጨርስ ላቡን ጠረገና እዚያችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከኪሱ ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋ በዳቦ አወጣ። በጾም ቀን! መንደሩ በሙሉ አንጀቱ ተጣብቆ ሲጸልይ! በዕድሜው እንደዚያ የጣመው ነገር የለም።

(ኤልናታን ሳያስበው ከንፈሩን ላሰ።)

ጌርሾም፦ ሰናፍጭ ነበረው?

ኤልናታን፦ ትንሽ።

ጌርሾም፦ እና ነገ ይሄንን "እኔ ነኝ ያደረግሁት" ልበል?

ኤልናታን፦ አይ፣ አይ፣ አይ! ይሄ ለናሙና ነው፤ እንዳትነካው! አነጋገሩን ብቻ ውሰድ። ዝርዝር ነው ሰውን የሚይዘው። ዝርዝር የሌለው ኃጢአት ጨው የሌለው ገንፎ ነው፤ ማንም አይቀበልህም።

ጌርሾም፦ ዝርዝር እንደ ምን?

ኤልናታን፦ እንደ ድንጋይዋ! "ድንጋይ" ብለህ ብቻ ካለፍክ ሞተች። ምን ዓይነት ድንጋይ? ግራጫ፤ የተኛች ጥጃ የምትመስል፤ ጀርባዋ ላይ የብረት ሽብልቅ ተሰብሮ የቀረባት። አየህ? አሁን ዓይንህ ላይ መጣች አይደል?

ጌርሾም፦ መጣች።

(ጌርሾም ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ፈዘዘ። ኤልናታን ይህን ያውቀዋል፤ ይህ ሰው ሲያስብ ውኃ እንደጠፋበት ወፍጮ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የበርሜሉን ቀለበት ወደ መምታት ተመለሰ።)

ጌርሾም፦ ወንድም ኤልናታን፣ ያ ሰው "ሆዴን" ብሎ ሲቀር፣ የጸለየለት ነበር?

ኤልናታን፦ ሞልቶ! እንደነገሩኝ ከሆነ ያ የዋሁ ጎረቤቱ ራሱ ነው ተነሥቶ ያስጸለየለት። ይሄንን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር... ማለቴ፣ ጸጸቱን።

(ጌርሾም ተነሣ። ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ጆሮው እንደጋለ ብረት ቀልቷል።)

ኤልናታን፦ (አጨበጨበ) ይሄ ነው! ይሄ ነው እንጂ! ገባህ! እንዲህ ሆነህ ነገ ብትቆም የፊት ወንበሩ በሙሉ ያለቅሳል! ሳትደብቅ ንገረኝ፣ ምን ተሰማህ?

ጌርሾም፦ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ፖም ጠጅ ይፈላል።

ኤልናታን፦ ቁጣ ነው! ወርቅ ነው! ቀጥል!

ጌርሾም፦ እጄ መዶሻውን ማንሣት ፈለገ።

ኤልናታን፦ ይፈልጋላ! በመዶሻው ምን ሊያደርግ?

ጌርሾም፦ አናትህን ሊልበት።

ኤልናታን፦ ግሩም! ነፍስ ግድያ እኮ ነው! ይሄንን እኔ ራሴ አላሰብ... (ቆመ) የማንን አናት?

ጌርሾም፦ ያንተን።

ኤልናታን፦ "አንተ" አልከኝ?

ጌርሾም፦ አልኩህ! ሽብልቁ ያባቴ ነው! ሊፈልጣት ሞክሮ ነው የሰበረው፤ እስኪሞት ድረስ "ያቺ ድንጋይ አሸነፈችኝ" እያለ ነው የኖረው! ለሆድህ ጸለይኩ እኮ፣ አንተ ሰውዬ! የዝናቡ ጸሎት እንዳይጓተት ለአንድ ቤት አንድ ጸሎት ብቻ ተብሎ ነበር። ዝምታ ጥርሷ አላስተኛት ብሎ "ለጥርሴ አስጸልይልኝ" ስትለኝ፣ "የጎረቤት ሆድ ይብሳል" ብዬ ለሆድህ ሰጠሁት! በማግሥቱ አንጥረኛው ጥርሷን በጉጠት ነቀላት! ለአሳማ ሥጋ ነው እንዴ የሚስቴ ጥርስ የወለቀው? ሰናፍጭ ለተቀባ?

ኤልናታን፦ ጌርሾም፣ ወንድሜ፣ ቀስ በል። ሌላ መንደር ነው እኮ ያልኩህ...

ጌርሾም፦ የዚያን ዓመት ስዘራ ዘሩ ተረፈኝ፣ መሬቱ አነሰኝ! "እግዚአብሔር ተቆጥቶኛል፤ የማላውቀው ኃጢአት አለብኝ" አልኩ። ሁለት ዓመት ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስፈልግ ጉልበቴ ተላጠ። ለካ ኃጢአቱ ድንበር ማዶ ነበር!

(መዶሻውን አነሣ። ኤልናታን ወደ በሩ አየ፤ በሩን የዘጋው ራሱ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። አንድም ነገር አልመጣም። ሲገልጥ ጌርሾም መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል፤ ፊቱ ግን ቀስ እያለ ይፈታል፤ የጠፋችው ላም ከደጁ ቆማ እንዳገኛት ሰው።)

ጌርሾም፦ ወንድም ኤልናታን!

ኤልናታን፦ አቤት?

ጌርሾም፦ ጠላሁዎት!

ኤልናታን፦ ምን አልክ?

ጌርሾም፦ ጠላሁዎት! ከልቤ! ወንድምን መጥላት ኃጢአት ነው አይደል?

ኤልናታን፦ (ልማድ ሆኖበት) ከነፍስ መግደል እኩል ነው፤ ተጽፏል።

ጌርሾም፦ ከነፍስ መግደል እኩል! (መዶሻውን ጥሎ የኤልናታንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዛል) እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ልጄ ልትጠመቅ ነው! እኔ በራሴ እንዲህ ያለ የት አገኝ ነበር?

ኤልናታን፦ (እጁን ሊያስለቅቅ እየታገለ) ጥሩ... ጥሩ ነው። ነገ ትቆምና "አንድ ሰው ጠላሁ" ትላለህ። በቃ። ስም አያስፈልግም።

ጌርሾም፦ "ለምን ጠላኸው?" ሲሉኝስ?

ኤልናታን፦ "እንዲሁ" በላቸው።

ጌርሾም፦ እንዲሁማ አይደለም። ምክንያት አለኝ፤ ያውም እንዲህ ያለ ምክንያት! ዝርዝሩን ደግሞ እርስዎ ነዎት ያሳመሩልኝ። ዘንጉ፣ መዝሙሩ ከሩቅ ሲሰማ፣ አሥራ አራቱ እርምጃ፣ ሰናፍጩ...

ኤልናታን፦ ሰናፍጩን ተወው!

ጌርሾም፦ እሱማ ዋናው ነው። ሰው የሚያለቅሰው እዚያ ጋ ነው።

ኤልናታን፦ ስማኝ። ድንጋዩን አሁኑኑ እመልሳለሁ። ና፣ አብረን እንግፋው! አሥራ አራቱንም። ሁለት ጨምሬ! አራት!

ጌርሾም፦ (በድንጋጤ) እንዳይነኩት!

ኤልናታን፦ መሬትህ እኮ ነው!

ጌርሾም፦ ድንጋዩ ከተመለሰ ቁጣዬ ይበርዳል። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ቁጣ አያድርልኝም። እስከ ነገ እንዴት እንደማቆየው ራሱ ጨንቆኛል። አሁን ስወጣ ሄጄ ትንሽ አየዋለሁ፤ ነገም ጸሎት ቤት ከመግባቴ በፊት አየዋለሁ። ባለበት ይቆይልኝ፣ እባክዎ።

ኤልናታን፦ የኔስ ዲያቆንነት?

ጌርሾም፦ እጄን አነሣለሁ ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። አንድ እጅ አለዎት።

(ኤልናታን የነገውን ጸሎት ቤት አየው። የፊት ወንበሩን አየ፤ ፓስተሩ "ሌላስ?" ሲሉ ሰማ። አሥራ አንዱ ባለ ፖሞች አንገታቸውን አዙረው ሲያዩትም ታየው። ወለሉን የሸፈነው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተንበረከከ።)

ኤልናታን፦ ጌርሾም፣ በደልኩህ። ማርያም... ማለቴ፣ ጭንቀቴን አይተህ ማረኝ! የካቶሊኮቹን ጸሎት አስጀመርከኝ፤ የምለውንም አላውቅ! ይቅር በለኝ። አሁን፣ እዚሁ። ክርስቲያን ከሆንክ ይቅር በለኝ!

ጌርሾም፦ (ባርኔጣውን ከወለሉ አንሥቶ፣ ፍቅፋቂውን እያራገፈ) እሱማ ልክ ነዎት፣ ክርስቲያን ይቅር ማለት አለበት። ግን እኔ ገና ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መልሰውኛል። ነገ ልመስክር፣ ይቀበሉኝ። እሑድ ልጄ ትጠመቅ። ሰንበት ደግሞ ሥራ አይሠራም፤ ሰኞ ጠዋት ይምጡ። የመጀመሪያ ሥራዬ እርስዎን ይቅር ማለት ነው።